አባባ ላይ የላክኳቸው ሽማግሌዎች

ጥቅምት 4
ገበያ ዋልኩ። ድንች አይቀመስም። ስመለስ አባባን አቀበቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።
"ምን ሆኑ?"
"ምንም። መንገዱን እያየሁ ነው።"
ሰማንያ ሦስት ዓመት ያላዩት መንገድ ይመስል! እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ነበር።

ጥቅምት 19
አዲስ አበባ። ወንድሜ ባንተአምላክ የልብ ሐኪም ዘንድ ወሰደን። የልባቸው የደም ቧንቧዎች ጠበዋል። ባይፓስ ይሠራላቸው ተባለ... ከእግር የደም ሥር ወስደው ለልብ ሌላ መንገድ ያወጡለታል። ሐኪሙ እኔንና ባንቴን ለብቻችን አስቀረን። "በዚህ ዕድሜ ልባቸው ድኖ አእምሯቸው የሚደክም አሉ። በመድኃኒት ብቻ መቆየትም ይቻላል፤ ዕድሜያቸው ግን ሊያጥር ይችላል። ንገሯቸውና ራሳቸው ይምረጡ።"
ባንቴ ደረጃው ላይ "ምን ይመረጣል?" አለ። እኔም ተከትዬው ወረድኩ።

ጥቅምት 22
አሰላ ገባን። አባባ እምቢ አሉ። "ጨርቁ ላለቀ ጃኬት አዲስ ዚፕ?" ብለው ሳቁ። ስለ አእምሮው አልነገርናቸውም። እንዳይፈሩ ብለን... ወይስ ጭራሽ እምቢ እንዳይሉን?

ጥቅምት 26
ዘዴ መጣልኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጠብ ሲሸመግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። "ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም" የሚሉት እሳቸው። ለምን ሽማግሌ አልልክባቸውም? አብረዋቸው የሚሸመግሉትን ሐጂ ከሊፋን ለመንኩ። "እኔን? ወልደ ሚካኤል ላይ?" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጥቅምት 29
ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ።
"ማሎ፣ እባክህ ወልዴ" አሉ ሐጂ ከሊፋ። "ልጅቷ ተጨንቃለች። ደጅህ ቆመናል፣ አታሳፍረን።"
አባባ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ትተው እኔን አዩኝ።
"እሺ። ተቀመጡ።"
ደስታዬ! ለካ እንዲህ ቀላል ነበር።

ኅዳር 15
አዲስ አበባ። አባባ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጡ። ተመስገን! ባንቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኅዳር 18
አባባ ነርሷን "በሬው ማሳ ገብቷል፣ አውጪው" አሏት። ሐኪሙ "ብዙ ጊዜ ያልፋል" አለ። ብዙ ጊዜ... ሁልጊዜ አላለም።

ታኅሣሥ 27
አሰላ። አባባ ያን አቀበት አንዴም ሳያርፉ ወጡት! እኔ ነኝ ያለከለክኩት። ደጃችን ስንደርስ "ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉኝ።

ጥር 23
ሐጂ ከሊፋ ሁለት ወንድማማቾች ይዘው መጡ። ዲክሲስ ባለው መሬታቸው የወሰን ጠብ ነው፣ አባባ ከመታመማቸው በፊት መሸምገል የጀመሩት። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ታላቁ ማነው?" ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። ትንሽ ቆይተው "ታላቁ ማነው?" አሁንም ትንሽ ቆይተው... ወንድማማቾቹ አንገታቸውን ደፉ።
ሐጂ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሙ። "እንዲህም ሊሆን እንደሚችል ታውቂ ነበር?"
"አዎ።"
"ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም።" ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የካቲት 6
ዛሬ ጥርት ብለው ዋሉ። ፀሐይ እየሞቁ ሮሐ ብለው ጠሩኝ! በስሜ!
"ሽማግሌ ሲመጣ እሺ ይባላል" አሉ። "አንቺ ብቻሽን መጥተሽ ብትጠይቂኝ ግን የልቤን እነግርሽ ነበር።"
"ምን ይሉኝ ነበር?"
እግራቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ዳበሱ። "ትንሽም ብቆይ፣ ሰው እያወቅኩ ልቆይ እልሽ ነበር።"
ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ አባይነሽ አሉኝ፤ የሟች እናቴን ስም። አቤት አልኩ። ምን ላድርግ?

መጋቢት 11
ባንቴ ደወለ። ሐኪሙ የአባባ ልብ እንደ ጎረምሳ ልብ ነው ብሎታል። "አሁን እኔ ጋ መጥተው ይኑሩ። እምቢ ካሉሽ ያው ሽማግሌ ትልኪያለሽ።" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።
በርጩማ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብቻዬን።
"አባባ፣ ባንቴ አዲስ አበባ መጥተው እሱ ጋ ይኑሩ ይላል። ይሄዳሉ ወይስ እዚሁ ቤትዎ ይሻልዎታል? የሚሆነው እርስዎ ያሉት ነው።"
ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የሚያውቁትን ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ።
"ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?" አሉኝ።