ጨጓራዋን ነበር የምንወጋው

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ቨርነን፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ጆሊንስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጃችሁ ቴስ መቼም ቁመቷ በልጦኛል መሰለኝ። የሉዊዚያና ሙቀት እዚያ ባሕር መሐል ባለው የነዳጅ ማውጫ ላይ በርትቶባችኋል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ ካንተ ጋር ሰነበተ። እኛ ደኅና ነን፣ ዝናቡም ደኅና ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀረብንም። አባባ ግን ደኅና አልነበሩም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጀልባቸውን ሳያዩ ቤት ተቀመጡ።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡ እንግዶች ይዘን ወጥተን ሳለ አንዲት ትልቅ ቢጫ ዓይን ዓሣ በመንጠቆ ተይዛ ከጥልቁ ወጣች። እንዲህ ያሉትን እናት ዓሣዎች አባባ ድሮም እንደሚለቋቸው ታውቃለህ። ዓይኗ ፈጦ፣ ከአፏ ያ ሮዝ ፊኛ ወጥቶ ነበር። አባባ እጃቸውን ባሕር ውስጥ ነከሩ፣ ሆዷን በመዳፋቸው ደገፉ፣ መንጠቆውን በፒንሳ በገባበት መንገድ ቀስ አድርገው አወጡ። እንደ አራስ ልጅ ነው የሚይዟት። ከዚያ በቢላቸው ፊኛውን ወጋ አደረጉና "አየሯ ወጣላት፤ በይ ሂጂ የኔ እመቤት!" ብለው ለቀቋት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን ተገልብጣ ተንሳፈፈች። አባባም እንደ ሁልጊዜው "ያቺ ድሮም አቅም አልነበራትም" አሉ።

ንስር ሳይቀድመኝ በመረብ አወጣኋትና ወደብ ስንደርስ ዓሣ በምንበልትበት ጠረጴዛ ላይ ከፈትኳት። ወንድምጋሼ፣ ያ ፊኛ ጨጓራዋ ነው! የአየር ከረጢቷ ያለው ከጀርባ አጥንቷ ሥር ነው፤ እሱ ሲነፋ ጨጓራዋን በአፏ ገፍቶ ያወጣዋል። ልናድናት ብለን የምንበሳው ጨጓራዋን ነበር። ቀዳዳውን ለአባባ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና "ሠላሳ ዓመት፣ ዊልማ?" አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱ።

ጎረቤታችን ኦርቪል መጥቶ "ሃሮልድ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ እኮ ነው! ሰው የገደልክ አስመሰልከው" ቢላቸው በሩን ዘጉበት። እኔም ምነው አፌን በያዝኩ ብያለሁ። ግን ማወቄ ላይቀር፣ ያ ቢላ ዓሣ መልቀቂያ ሆኖ ዳግም ጀልባችን ላይ አይታይም ብዬ ቆረጥኩ። የወተት መያዣ የፕላስቲክ ሳጥን ገለበጥኩና ጠርዙ ላይ እንዲሰጥም ከባድ የብረት እርሳስ፣ አናቱ ላይ ረጅም ገመድ አሰርኩበት። ዓሣዋን ከሥሩ አስገብተህ ወደ መጣችበት ጥልቀት ስታወርዳት የተነፋው ይሟሽሻል፤ ገመዱን ስትስብ እሷ እዚያው ትቀራለች። የመንጠቆዎቹንም እሾህ በፒንሳ ጨፈለቅኩ፣ ሥጋ ሳይቀድ እንዲወጣ። ኦርቪል "ለዓሣ አሳንሰር ሠራሽላቸው?" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ትናንት ጠዋት ወደብ ስወርድ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው ጀልባው ላይ ተቀምጠዋል። አልጠየቅኳቸውም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቢጫ ዓይን ስትወጣ "ለኔ ስጪኝ" አሉ። መንጠቆውን አወጡላት፣ ሳጥኑ ሥር አስገቧት፣ ገመዱንም ራሳቸው ለቀቁ። ሳጥኑ ባዶውን ተመለሰ። አባባ እንግዶቹ እስኪሰለቹ ድረስ ውኃው ላይ አፈጠጡ። "አልተንሳፈፈችም" አሉኝ በመጨረሻ። እኔም አለቀስኩ።

ወንድምጋሼ፣ ስትደውልላቸው "አይዞዎት፣ አያውቁም ነበር" እንዳትላቸው፤ እሱን ሰው ሁሉ ብሏቸዋል። ሳጥኑን እንዴት እንደሚያወርዱት ጠይቃቸው። አንተም እዚያ በትርፍ ጊዜያቸው ዓሣ ለሚያጠምዱ የሥራ ባልደረቦችህ ፊኛውን በቢላ መውጋትን እንዳስተማርካቸው ጽፈህልኝ ነበር። ነገ ዛሬ ሳትል ሰብስበህ ተሳስቻለሁ በላቸው። እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ንገራቸው።

ጆሊንን ጥብቅ አድርገህ ሳምልኝ። ቴስንም ጉንጮቿን። ለጆሊን እናት ለወይዘሮ አዴል ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባባም ደብዳቤውን ሳነብላቸው ሰላም ብለውሃል፤ "ለጓደኞቹ ሲነግራቸው የተሳሳተው አባቴ ነው ይበል፤ እሱ ያደረገው እኔ ያስተማርኩትን ነው" ብለዋል።

እህትህ ዊልማ
ሲትካ፣ አላስካ
ጁላይ 19 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.