ብርና እርሳስ

ላምበረት፣ መጋቢት 1998 ዓ.ም.

ውድ ገመቺስ፣

ምነው ቅዳሜ ቤታችን በነበርክ! የእንጦጦ ማርያምን ዳገት ስንወጣ «ታገቢኛለሽ?» ስትለኝ «ላስብበት» እንዳልኩህ ነው። አጎትህ ጋሽ በዳዳ ግን ሐሳቤ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። አባዬ የደሴ አውቶቡስ ሲነዳ በየኬላው የተጠየቀውን ሁሉ በእንግዶቹ ላይ ተወጣው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

ጋሽ በዳዳ ኮራ ብለው «ውጭ አገር፣ ከድሮ ማዕድን ማውጫ ብርና እርሳስ ያወጣል» አሉ።

«ብር የሚያወጣማ እዚህም ሞልቷል፤ የሚያስገባ አምጡልኝ! እርሳሱን ከሱቅ እገዛለሁ።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ። ጋሽ በዳዳ ደግሞ ነገሩን ያስተካከሉ መስሏቸው ማውጫው ከተዘጋ መቶ ዓመት እንዳለፈው ጨመሩ።

«ታዲያ ልጁ እዚያ ዘበኛ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተቀይመው ተነሱ። ገመቺስ፣ እንደምወድህ በደንብ የገባኝ እነሱ ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው።

ከጓዳ ወጣሁ። ደብዳቤህን በቃሌ ስለያዝኩት ለአባዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከመሬት ሆድ የወጣ ፍል ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ ሲያልፍ እርሳሱን ትቶ እንደሄደ፣ ብሩም እርሳሱ ውስጥ ተደብቆ እንደሚገኝ። የጥንት ሰዎች ዓለቱን በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉ ይሰነጥቁት እንደነበር፣ ኋላ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶት ጥለውት እንደሄዱ። አንተም ተራራ እንዴት እንደተሠራ ልታጠና እንጂ ልትጠብቀው እንዳልሄድክ።

«እርሳስ የምትይው የባትሪውን ነው እንዴ?»

«አዎ አባዬ፣ የባትሪውን።»

«እንዲህ አትሉኝም! እሱማ ባይኖር መኪና መች ይነሳ ነበር? ቁጭ በሉ እንጂ!»

ከዚያ በመስኮቱ እንጦጦን ሽቅብ አየው። «ይሄም ከእሳት የወጣ ነው ይባላል። ለእኛ ለምን ብር አልተወልንም? መጥቶ ይመርምርልን። ለመሆኑ ልጅቱስ ምን ትላለች?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለአንተ ያልነገርኩህን ለእነሱ አልናገርም ብዬ ጓዳ ገባሁ። እስካሁን ሻይ ይዤ እወጣለሁ ብለው ሳይጠብቁ አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ ላጲሱም አጠገቤ አለ። የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም ብለህ እንደምትከራከረኝ አውቃለሁ፤ ስትመጣ እንከራከራለን። የመጨረሻዋን ቃል ግን እንዳትጠፋ በአባዬ እስክሪብቶ ጻፍኳት፦

እሺ።

ያንተዋ ኡርጂ