ስትሞቅ የማትነሳ መኪና

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ቆልፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? ባለቤትሽ ሥራው ተስማማው? መንትዮቹስ እንዴት ናቸው? በላክሽው ፎቶ ላይ ትከሻሽ ጋ ደርሰዋል፣ ዓይን አያግኛቸው። እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ እንዳልቀጥል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ደግሞ የአባዬ ስም በተነሳ ቁጥር «መስመሩ ይቆራረጣል» ትያለሽ። ደብዳቤ አይቆራረጥምና ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የመኪናዋ ነገር ነው። እማዬ «ጣውንቴ» እያለች ትቀልድባት የነበረችው፣ አንቺ «ቆርቆሮ» የምትያት የአባዬ መኪና። እማዬን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲሮጥ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ አልነሳም ካለችበት ቀን ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተኝቶ፣ ድመት ወልዳባት ነው የከረመችው። አባዬ በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። በቀደም ግን «ሽጣት፣ ዓይኔ አይያት» አለኝ። የማትነሳ መኪና ማን ይገዛል? ጎረቤታችንን ዶክተር ብሎንን ጠራሁት። ለመካኒኩ ይሄን ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ አሁን ሚስቱ ሳትቀር በሱ ነው የምትጠራው።

ባትሪ ቀየርንላት። ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ ምንም አትል፣ እንደ ድሮዋ ናት። ትንሽ ሠርታ ስትሞቅ ግን ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አጥፍተን ቁልፉን እንደገና ስናዞር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ሲበርዳት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ እሺ ትላለች። ዶክተር ብሎን መጀመሪያ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ወቀሰ፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑን ወቀሰ፣ በመጨረሻ እኔን ወቀሰ። ሙቀት ይሆን እንዴ ብዬ ብጠይቀው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ፣ ጌጁን፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አሳየኝ። ቀስቱ መሀል ላይ ነው። «ሙቀቷማ የጨዋ ልጅ ሙቀት ነው» ብሎ እቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በማግስቱ ቁርስ ሳንበላ በሩን ደበደበው። እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ። ለካ መኪናዋ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሏት። አንዱ ለጌጁ ነው፣ ሹፌሩ የሚያየው። ሌላው ቤንዚን ለሚመጥነው ኮምፒውተር ነው፣ እሱን ማንም አያየውም። ጌጁ ልክ ስለሆነ ማናችንም ሁለተኛውን አልጠረጠርነውም። ዶክተር ብሎን ሁለተኛውን ፈትቶ አወጣው፤ የአውራ ጣት ያህል ነገር ናት። ከአዲስ ሴንሰር ጋር አንድ ላይ ውሃ ውስጥ ከትቶ ምድጃ ላይ ጣዳቸው። ድስቱ እማዬ ወተት የምታሞቅበት ድስት ነበር፤ ባለቤቴ ስታየው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተሩ፣ ላይ የሚታየው ቁጥር መውረድ አለበት፤ የአዲሱ ወረደ። የአሮጌው ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃው ተንተክትኮ ድስቱ ክዳኑን ሲያንገጫግጭ እንኳ ያው ነው። «እየተቀቀለ ብርድ ነው ይላል እኮ!» አለ ዶክተር ብሎን።

ኮምፒውተሩም አምኖታል፣ እትዬ። ሞተሩ ብርድ ላይ ነው ብሎ ሳያቋርጥ ትርፍ ቤንዚን ያጠጣዋል። ጭሱም ሽታውም ከዚያ ነው። ሞቃ ሳለች ከጠፋች ደግሞ በቤንዚን ታፍና እስኪበርዳት አትነሳም።

እኔ ይሄን ስሰማ ልቤ ዘለለ። በለቅሶው ሰሞን አንቺ በስልክ «እናቴን በቆርቆሮህ ገደልካት» ካልሽው ወዲህ አባዬ እንዴት እንደሆነ አላየሽም። አንቺ ስትደውዪ በር ሥር ቆሞ ድምፅሽን ያዳምጣል፣ ስጨርስ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብሎኝ ይሄዳል። እንግዲህ አሁን የሚያርፍበት ነገር አገኘሁ ብዬ ሴንሰሯን ይዤ ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የዚህች እቃ ነው፣ ጌጁም አታሎሃል፣ ልታውቅ አትችልም ነበር አልኩት።

መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት። «አውቅ ነበር» አለኝ።

ስትሞቅ ከጠፋች እንደማትነሳ ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚተዋት፤ ባለ ሱቋ «አባባ፣ መኪናዎ ይበርዳታል እንዴ?» እያለች ስትስቅበት እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የእለቱም እለት ሊያጠፋት አላሰበም። መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪና ሁሉ ተቆላልፎ ቆሙ። ሽታው ውስጥ ገባ። የእማዬ ደረት ደግሞ ታውቂዋለሽ። «በፈጠረህ አጥፋት፣ ሽታው አፈነኝ» አለችው። ትንሽ ቻይው አላት። መስኮቱን ከፈተ፤ ጭራሽ ባሰ። እሷም እጇን ዘርግታ ቁልፉን በያዘው እጁ ላይ አደረገች። አጠፋት። «እፎይ አለች» አለኝ፣ «ፊቷ ተመለሰ፣ ትንሽ ፈገግም አለች።» ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፤ መኪናዋ ግን አልነሳም አለች።

የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። አዎ፣ በአባቴ ላይ ጮህኩ። አባዬ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እናንተ ስታለቅሱ፣ አጥፋ ያለችኝ እሷ ናት ልበል? እኔ ልዳን ብዬ እሷን ላስወቅሳት?» አለኝ። ስላንቺም «እናቷን እያሰበች ከምትብሰለሰል በኔ ላይ ብትቆጣ ይሻላል» አለ። እንዳልነግርሽም አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን ይሄው ነገርኩሽ፤ ያኩርፈኝ።

አዲሱ ሴንሰር ከገባ በኋላ ጭሱም ጠፋ፣ ሽታውም ጠፋ። አባዬ እስክትሞቅ ድረስ ንዳት አለኝና ከኋላ ተቀመጠ። የፊቱን ወንበር አልነካውም። ወደ መስቀለኛው መንገድ አዞረኝ። ዳር ይዤ እንድቆም አደረገኝና «አጥፋት» አለኝ። አጠፋኋት። የሚያልፈውን መኪና እያየ ቆየና «አስነሳት» አለኝ። ቁልፉን ገና ስነካው ተነሳች። በመስታወቱ አየሁት፤ የፊቱን ወንበር ያያል። «ይሄን ያህል ቀላል ነበር?» አለኝ። ወደ ቤት አዞርኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ቀንሷል። ሊገዛ የመጣውን ሰውዬ መልሶታል፣ እንድሸጣትም አይፈልግም፣ እንድነዳትም አይፈልግም። እትዬ፣ ምክር ልሰጥሽ አልችልም፣ ታናሽሽ ነኝ። ግን ስትደውዪ «አባዬን አገናኘኝ» በዪኝ። ሌላ ምንም ባትናገሪ፣ ድምፅሽን ከበር ሥር ሳይሆን ስልኩን ከጆሮው አድርጎ ይስማው።

ባለቤቴ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች፤ ድስቷን እስካሁን እየፈተገች ነው። ትንሿ ልጄ ለመንትዮቹ የድመቶቹን ግልገሎች ሥዕል ልካለች፣ ጭራቸው የበዛው ጭራ መሳል ስለወደደች ነው። ዶክተር ብሎን፣ ስሙን ብትቀይሪለት ደስ እንደሚለው ንገራት ብሎኛል። ባለ ሱቋም ሰላም ትልሻለች፤ አሁን አትስቅም። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ መንትዮቹን በየተራ ሳሚልኝ።

አባዬን ለእትዬ ልጽፍላት ነው፣ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። «ደህና ነው በላት» አለኝ። ያለውን ጽፌልሻለሁ። ደህና ግን አይደለም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከበረንዳው
የካቲት 21 ቀን