የሳተርን ድንገተኛ ዕረፍት

ውድ ባሮክ፣

ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ከባድ መርዶ ይዣለሁ። በአንተና በእኔ እጅ ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ የተወለደችው ታናሽ እህታችን ሳተርን፣ ሐሙስ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ሥርዓተ ቀብሯም ወዲያውኑ በአህያ ሆድ ውስጥ ተፈጽሟል።

አትሳቅ! አንተ ቤተሰብህን ተከትለህ ሐዋሳ ገብተህ አሳህን ስታጣጥም፣ እኔ ብቻዬን ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ፀሐይን ከነስምንት ፕላኔቷ በመጥረጊያ እንጨት አንጠልጥዬ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ስወርድ ነበር። ፀሐይ ያቺ የጨርቅ ኳሳችን ናት፤ ቢጫ ስቀባት የሰፈር ልጆች ሊገድሉኝ ደርሰው ነበር። መንገድ ላይ እንጨት የጫነች አህያ መጣች፤ ላሳልፋት ጥግ ያዝኩ። ዘወር ስል የሳተርን ቀለበት ብቻ ከአፏ ወጥቶ ይታያል።

"ትፊ! ትፊ አንቺ!" እላለሁ።

ባለቤቷ ጋሽ ጉተማ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ምንድን ነው ያበላሃት? ብትታመም እንጨቱን አንተን ነው የምጭንህ!"

ቲቸር ክብረት ደግሞ "የጎደለ ሥራ አልቀበልም" ብለዋል። እኔ ዜሮ ለምጃለሁ፣ አይቆረቁረኝም። ግን ያንተ ምድር! ኢትዮጵያን ግማሽ አፍሪካ አሳክለህ የሣልክባት ምድር ቆሻሻ ገንዳ ልትገባ? አላደርገውም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከምትቸረችረው ከፀዲ ቦምቦሊኖ ገዛሁ። ለሁለት ከፈልኩት፣ መሃሉ አሮጌ ሲዲ አስገባሁ፣ በስቴኪኒ ሰፋሁት። ወላሂ ከሟቿ ታምራለች!

ቲቸር ጠጋ ብለው አሸተቷት። "ሳተርን ከምንድን ነው የተሠራችው?"

"በአብዛኛው ከጋዝ ነው፣ ቲቸር። ይቺኛዋ ግን በአብዛኛው ከዘይት።"

ሊስቁ ብለው ሳቃቸውን ዋጡት። ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ ስማችንን አነበቡ። "ባሮክ ትምህርት ቤቱን ለቋል እኮ። ስሙን ሰርዝ።"

እስክሪብቶ አወጣሁ። አፌ ግን ታውቀዋለህ፣ እኔን አይጠብቅም። "እሺ ቲቸር። ግን ምድርን የሠራት እሱ ነው፤ እሱ ከወጣ እሷንም ላውጣት። ከዚያ እርስዎ የት ሊቆሙ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸርም አልቻሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ተወው፣ ይቆይ" አሉ።

ስለዚህ ስምህ አለ። ያውም ከእኔ ስም በላይ! እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። አንተም እዚያ ደረትህን ነፍተህ ሂድ።

ብቻ ሰው ዝርዝሩን ቢጠይቅህ ዝም በል። ኤግዚቢሽን ያልኩህ አንዲት የእረፍት ሰዓት ናት። ሦስተኛ ወጥተናል። የቀረብነውም ሦስት ነበርን።

ያለ አንተ የሚቀልድበት ሰው ያጣው፣
ሱፊያን