የኪያ ሞተርና የላኩልኝ ጸበል

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፣

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎ እንዴት አደረገልዎ? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣሉ ሲሉኝ ደስ አለኝ። እኛ በሥጋችን ደኅና ነን፣ ተመስገን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ደውዬ ነበር፤ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ናይሮቢ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ ለምትበር ጎረቤታችን ደብዳቤውን እሰጣታለሁ፤ እንደ ገባች ታደርስልዎታለች።

ነገሩ የልጄ የኪያ ነው። እህትዎ ካረፈች ወዲህ ልጅቱ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም መግባቷን ያውቃሉ። አምና ወድቃ ክንዷ ሲሰበር ትተወዋለች ብዬ ነበር። እሷ ጭራሽ ሞተሯን ፓርክላንድስ ሰፈር ወስዳ ተስፋዝጊ ለሚባል ኤርትራዊ ሰጠችው። የሰውየው ጋራዥ እንደ ሌላው አይደለም፤ ሥራው ሞተር ለውድድር ማዘጋጀት ብቻ ነው። ፒስተኑን ለወጠው፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን በቀላል ቀየረው፣ ሞላዎቹን አጠነከራቸው። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ሆኖ መጣ። ኪያ በደስታ ዘለለች፤ የእኔ ዓይን ተሰብሮ ወደ ነበረው ክንዷ ሄደ። አምና የወደቀችው እኮ ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ነው።

ያን ሰሞን ነው እርስዎ የላኩልኝ ጸበል የደረሰኝ። እሷ ሥራ ስትሄድ ወደ ሞተሩ ወረድኩ። አባታችን ሆይ እያልኩ መሪውን ረጨሁ፣ ጎማዎቹን ረጨሁ። ከዚያ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ከፈትኩና እዚያም ጨመርኩ። ጥቂት ነው ልልዎ ፈልጌ ነበር። ጥቂት አልነበረም።

ሐሙስ ልምምድ ላይ፣ ከአፈሩ ቁልል ልትዘል ስትነሣ ሞተሩ ትንፋሹ ተቋረጠ። ተንከባላ ወደቀች። ሄልሜቷ ተሰነጠቀ፤ እሷን እግዜር አተረፋት፣ ትከሻዋ ተላላጠ እንጂ።

በማግሥቱ ሞተሩን አስጭና ተስፋዝጊን ልትጣላ ስትሄድ ተከተልኳት። ሰውየው ከታንኩ በብርጭቆ ቀድቶ ቢያሳየን፣ ውኃው ከቤንዚኑ ሥር ተኝቷል። ኪያ፣ ያንተ ጋራዥ ነው ጉድ የሠራኝ፣ ለተወዳዳሪው ሁሉ ነው የምናገረው ብላ ጮኸች። እሱም፣ ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ ሞተር ነው የምሠራው እንጂ ዓሣ አላረባም አላት። የሰው ስም በእኔ ሊጠፋ መሆኑን አየሁ። እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ጸበል ነው አልኩ። ተስፋዝጊ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣና፣ ታዲያ ወንድሜ፣ የክርስትና ስሙን ማን አልከው? ብሎ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኪያ አልሳቀችም። ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ባባ፣ ፕሊስ፣ እንዳትዋሸኝ አለችኝ። ከሞያሌ ናይሮቢ ሎሪ እየነዳህ ነው ያሳደግኸኝ። ነዳጅ ውስጥ ውኃ ሲገባ ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር?

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ለእርስዎ እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፤ ስጸልይ እንደነበር አስታውሳለሁ። ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ ለማስታወስ ስሞክር ግን እፈራለሁ። ዛሬ ጠዋት ለንስሐ አባቴ ስለ ቁጣዬ ነገርኩ፣ ስለ ጾሜ ነገርኩ፤ ይህኛውን ግን ሳልናገር መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ውድድሩ ነገ ነው። ተስፋዝጊ ታንኩን አድርቆ፣ ካርቡራተሩን አጥቦ መልሶታል። ኪያን ነገ እንድትቀር ልለምናት አፌን ስከፍት፣ የቤንዚኑን ጀሪካን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ነገ የምትሞላልኝ አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው አላስነካም አለችና ቦቲዋን ልትጠርግ ሄደች።

ጸበሉን ለጊዜው አይላኩልኝ። ለልጅቱ የሚጸልይ አይጠፋም፤ እርስዎ ለእጄ ይጸልዩልኝ።

መድኃኔዓለም ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ደጅዎን ሰላም አይለየው።

የእህትዎ ባል
ከኪሊማኒ፣ ናይሮቢ