አባትሽ በአንቺ ፍጥነት ይነዳል

ልጄ፣ ጎማሽን ከሚስማር፣ ዓይንሽን ከእንቅልፍ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ካምፓኒው የጭነት መኪናሽን ከሰማንያ በላይ እንዳይሄድ ቆልፎት አውቶቡሱ ሁሉ ጥሎሽ እንደሚያልፍ ስትነግሪን አባትሽም አጠገቤ ሆኖ ይሰማሽ ነበር። ታውቂው የለ፣ ከባድ መኪና ሲነዳ በኖረበት ዘመን ሁሉ ለእሱ መቀደም ሞት ነበር። አሁን ያችን አሮጌ ፒክአፕ ከሰማንያ አያሳልፋትም። ከኋላው ጡሩምባ ሲያንባርቁበት መስኮቱን ዝቅ ያደርግና «ልጄ የምትነዳው በዚህ ፍጥነት ነው» ይላቸዋል። የጋራዡ ሰዎች «የልጅህ ረዳት ሆንክ» ብለው ሲቀልዱበት ደረቱን ነፍቶ ነው ቤት የሚገባው። እኔም እንደሱው ኮርቻለሁ።

ግን ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ከአፍሽ ጭስ ሲወጣ አይቼ ብጠይቅሽ «ብርዱ ነው እማዬ» አልሽኝ። በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ተቀምጠሽ? እህትሽን ብጠይቃት ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው አለችኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና እንደሚያሰለች ይገባኛል፣ አልቆጣሽም። ብቻ የኔ እናት፣ በሰማንያም ቢሆን ቀስ እያልሽ ተዪልኝ። ከወጣሽበት ሁሉ በሰላም ያስገባሽ።

ለአባትሽ አልነገርኩትም። ሲጋራውን ያስጣልነው በስንት መከራ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ዘንድሮ ደግሞ አንቺ ያደረግሽውን ሁሉ ያደርጋል።