ከአባባ ኋላ ያለው ጨለማ

...ቄሱ መጋረጃውን ሊገልጡ ሲሉ የእማዬ መዳፍ ማጅራታችን ላይ ያርፍ ነበር። ቄሱ የገዛ አባታችን ናቸው፤ ቢሆንም አንገታችንን ትደፋዋለች። የአንቺን በቀኝ እጇ፣ የእኔን በግራዋ። እኔ የወለሉን ድንጋይ አይ ነበር። አንቺ ምን ታዪ እንደነበር ጠይቄሽ አላውቅም። ከዚያ መጋረጃው...

ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት፤ ይቅር በይኝ። እታለም ንጋት፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የኩዌት ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? አብራሽ የምታድረው የደሴዋ ልጅ ኡሙሀኒስ ከጉንፋኗ ዳነች? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልጎደለብንም፤ ደመናው የአሸተንን ተራራ ሸፍኖት ይውላል። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ቃሉን ስጽፈው አፈርኩ።

ስለ አባባ ፎቶ በስልክ «አልከፈት አለኝ» ያልኩሽ መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። ያቺን ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ከስንት ዓመት በኋላ ፈልገሽ፣ ለምነሽ፣ እንደወረደ ያስላክሽው ፋይል ስልክሽ ላይ እምቢ ሲል «የኮምፒዩተር ሰው አለን» ብለሽ ወደ እኔ መራሽው። እኔም የኮምፒዩተር ሰው መሰልኩ። ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ከስሙ ጫፍ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት አሉ፤ እነሱን አጥፍቼ የተራ ፎቶ ፊደላት ተካሁባቸው። ለደንበኛ «ይህ አይሠራም» ስል የኖርኩትን ነገር እኔው አደረግኩት፤ ስሙ ሲለወጥለት ጠባዩም የሚለወጥ ይመስል።

ኮምፒዩተር ሱቁ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሳሊሕ ነው ያስረዳኝ። ካሜራውን የሠራው ድርጅት ፋይሉን የሚጽፈው ለራሱ ብቻ በሚገባው መንገድ ነው፤ እንደ ዕቃ ቤት፣ ቁልፉ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም። ግን ፋይሉ ሆድ ውስጥ ካሜራው ለራሱ መመልከቻ ያስቀመጣት ትንሽ ፎቶ አለች። መጀመሪያ እሷን አወጣን። አባባ ከመቅደስ ሲወጡ ድንገት የተነሡት ነው። መስቀላቸው ያበራል፤ ፊታቸው ጥቁር ነው። ግራ እጃቸው መጋረጃውን እንደያዘ ነው፤ በስተኋላቸው ስንዝር ያህል ክፍት ቀርቷል።

ኔትወርክ የመጣ ቀን ሳሊሕ ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም አወረደ። ተከፈተ። እታለም፣ እንዲህ ያለው ፋይል ጨለማውን አይጥለውም። ተራ ፎቶ ጥቁሩን ጥቁር ነው ብሎ ይተወዋል፤ ይኸኛው ዓይን ያልለየውን ሁሉ ይዞ ይቆያል። ጥላውን የምታነሣ መስመር አለች፤ ወደ ቀኝ ትገፊያታለሽ። ገፋኋት። አባባ መጡ። መጀመሪያ ጥምጣማቸው፣ ቀጥሎ በሬው የወጋቸው ጠባሳ፣ ከዚያ ዓይናቸው። ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን ሰብሰብ የሚያደርጉት ነገር አለ አይደል፣ እሱም።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ከፊታቸው ጋር ከኋላቸውም እየነጋ ነበር። እየነጋ እንደሆነ አውቄያለሁ። ጣቴ አላቆመም።

«ፊታቸው ወጣልህ እኮ» አለኝ ሳሊሕ። «ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?»

ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝና መንገዱን ማየት ያዘ። ሙስሊሙ ሳሊሕ ዓይኑን መለሰ፤ የቄሱ ልጅ እኔ መስመሯን እስከ ጫፍ ገፋኋት።

ያየሁትን አልጽፍልሽም። ምናልባት ምንም አላየሁ ይሆናል። የጨርቅ እጥፋት፣ ከጨርቁ ሥር ደግሞ... ይኸው፣ ልጽፈው ነው። ተውኩት።

ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ቅጥር ውስጥ አልገባም፤ ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ። ጎረቤታችን ሰብሌ «የቄስ ገብረመስቀል ልጅ ከአጥር ውጭ ከቀረ ሴት አለች ማለት ነው፤ እሰይ፣ ድግስ ናፍቆን ነበር» ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። እማዬም እዚያው ነበረች፤ አልሳቀችም፣ አልጠየቀችኝም። ሴት በሆነና በቀለለኝ። የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ሚካኤል ደጅ ደርሼ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ጥላ አነሣሁ ብዬ?

ለእማዬ እስከ ዛሬ «አልተከፈተም» እላታለሁ። የአባባ ሙት ዓመት መስከረም ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያሉትን ሰውዬ አላውቃቸውም ትላለች፤ ግድግዳዋ ላይ ባሏን ትፈልጋለች። ሳሊሕ ፊታቸውን ብቻ አብርቶ፣ ኋላቸውን ድብን አድርጎ አጥቁሮ፣ ወደ ተራ ፎቶ ለወጠልኝ። ከዚህኛው ማንም ምንም አያወጣም። ሁለት አሳትሜያለሁ። አንዱን ለዕረፍት የመጣችው ባንችይርጋ ወደዚያ ስትመለስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታደርስልሻለች፤ ቀብራቸው ላይ ያላለቀስሽውን አልቅሺበት። ሁለተኛውን ለእማዬ ልሰጥ አነሣዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

እንደወረደ ያለው ፋይል አንቺም ዘንድ አለ። አጥፊው ልልሽ ጀምሬ አቃተኝ፤ አባባም እዚያው ውስጥ ናቸው። ለማንም አትስጪው። አንቺም አታስከፍቺው። ይህን የምልሽ እኔ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ለኡሙሀኒ ብዙ ሰላም በይልኝ። ለፈረንጇ መልእክቱን የጻፈችልሽን የአሠሪሽን ልጅም አመስግኚልኝ። ሰብሌ ናፍቀሽኛል ብላሻለች። ሳሊሕ ሰላም ይልሻል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ያ ነው የሚከብደኝ። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች።

ወንድምሽ ቃለሕይወት
ላሊበላ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽገው እማዬ ገባች። ፎቶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንዱን አነሣችና ፊታቸውን ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከትከሻቸው ኋላ፣ ጥቁሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው?» አለችኝ።

መዳፏ ማጅራቴ ላይ አረፈ። አንገቴን ደፋችው። ወለሉን አየሁ። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ።